ሰኞና ሐሙስ ከእጥበት ክፍሉ በር ላይ፦ በመከራ ቀን "እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ነው" ብሎ ለመቆም

እናቴ ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ በኋላ 14 ወር ኖራለች። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ሐሙስ፣ ለእጥበት እንወስዳት ነበር። አንዱ እጥበት 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሐኪሞቹ በሳምንት 3 ጊዜ ይሁን ብለውን ነበር፤ አቅማችን የቻለው ግን ሁለቱን ነው። እሷ ማሽኑ ላይ ትሆናለች፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር።

እዚያ ወንበር ላይ "አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ከአንቺ ጋር ነው" ያላለኝ ሰው የለም። እውነት ነው፣ አምናለሁ። የቸገረኝ አያያዙ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ፣ በሽተኛ ደግፋ ታክሲ የምትጠብቅ ሴት ይህን ቃል እንዴት አድርጋ ትያዘው? ቀስ በቀስ ከንስሐ አባቴም፣ ከእናቴም፣ አብረውን ወረፋ ከሚጠብቁ ሰዎችም የተማርኩት አለ። ተራ በተራ ልጻፈው። የምጽፈው እንደ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ነው። መዝሙረ ዳዊት ግን የሁላችንም ነውና ሌላውም ክርስቲያን የሚሆነውን ይውሰድ። ሕመምተኛ የማታስታምሙ ከሆነም፣ መከራችሁ የሥራ ማጣት ወይም ሌላ ከሆነም፣ አብዛኛው ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

1. ተስፋው ምን እንደሚል እንደገና አንብቡ

መዝሙር 90ን አውጡ። "በልዑል መጠጊያ የሚኖር" ብሎ የሚጀምረው ነው፤ በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሩ 91 ነው፤ ከዚህ በታች በቁጥር የምጠራቸው መዝሙራትም እዚያ በአንድ ቁጥር ከፍ ይላሉ። በየቤቱ ግድግዳ፣ በየመኪናው ውስጥ ተለጥፎ የምናየው መዝሙር።

እኔ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያነበብኩት እንደ ውል ነበር። እኔ እጸልያለሁ፣ ክፉ ነገር ደግሞ ወደ ቤታችን አይቀርብም። የእናቴ የላብራቶሪ ውጤት በከፋ ቁጥር ውሉ የፈረሰ ይመስለኛል። በእግዚአብሔርም በራሴም እናደዳለሁ። ይህን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው "እስከ መጨረሻው አንብቢው" ብቻ አሉኝ።

መጨረሻው ላይ የሚናገረው እግዚአብሔር ራሱ ነው፦ "በመከራውም ጊዜ ከእርሱ ጋር እሆናለሁ።" መከራው እንግዲህ አለ። ተስፋው የተሰጠው እዚያው መከራው ውስጥ ላለው ሰው ነው። ይህንኑ መዝሙር ለጌታችን የጠቀሰለት ማን እንደነበር ደግሞ አስታውሱ። ማቴዎስ 4 ላይ ሰይጣን ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት በእጃቸው ያነሡሃል ያለው ከዚህ መዝሙር ወስዶ ነው። ምንም አይነካህም ለማለት። ጌታ ያንን አነባበብ አልተቀበለም።

አሁን የምታደርጉት ይህ ነው። ያቺን አንዲት ሐረግ በቁራጭ ወረቀት ጻፏት። ካርዱንና የምርመራ ውጤቱን በምትይዙበት ፌስታል ውስጥ ክተቷት። ፌስታሉን በቀን አሥር ጊዜ ትከፍቱታላችሁ። ባሰባችሁበት ሰዓት የት ነበረ እያላችሁ አትፈልጓትም።

2. ስሜት አትጠብቁ፣ ሰዓት ያዙ

"አጠገቤ እንዳለ አይሰማኝም" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እምነቱ የጠፋ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ለካ ድካም ነው። ሁለት ሌሊት ያልተኛች እናት ለልጇ ያላት ስሜት ሁሉ ሊደነዝዝባት ይችላል፤ ግን ተነስታ ታጠባዋለች። ጸሎትንም እንደዚያ ያዙት።

ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። አስታማሚ ሰባቱንም ልያዝ ቢል በሦስተኛው ቀን ይወድቃል። ሦስት ምረጡ። የምትመርጡት ግን ቀኑ የሚከብድባችሁን ሰዓት ይሁን።

የእኔ እነዚህ ነበሩ። ነግህ፣ ታክሲ ስንጠብቅ። ሠለስት፣ ማለትም ጠዋት 3 ሰዓት ላይ። እጥበቱ ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ያህል ይሆነዋል፤ የእናቴ የደም ግፊት የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው፣ ነርሶቹም ወዲያ ወዲህ ማለት ይጀምራሉ። ሠለስት ጌታችን በጲላጦስ አደባባይ የተገረፈበት ሰዓት መሆኑን ከልጅነቴ እሰማ ነበር። በር ላይ ቆሜ ነው የገባኝ። ሥጋ መጨነቁን የሚያውቅ አምላክ ነው ያለን። ሦስተኛው መንፈቀ ሌሊት ነው፤ እንቅልፍ እምቢ ሲል እዚያው አልጋ ላይ።

በእያንዳንዱ ሰዓት የምትሉት አጭር ይሁን። አቡነ ዘበሰማያት፣ ከዚያ የሕመምተኛው የክርስትና ስም፣ ከዚያ ትንሽ ዝምታ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እሱም ሲያቅት መቁጠሪያችሁን ይዛችሁ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" በሉ። 41 ጊዜ ቢሞላ ጥሩ፣ ካልሞላም የደረሳችሁበት ይሁን። የስልካችሁን ደወል በሦስቱ ሰዓት ላይ ሙሉት። መንፈሳዊነት አይጎድልበትም፤ ገዳም ውስጥም ደወል አለ።

3. ዳዊትን በዕለቱ ድገሙ፣ ቅሬታችሁንም አትደብቁ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ እኔን ያቆመኝ ይህ ነውና።

ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሏል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። 4 ሰዓት ለሚጠብቅ ሰው የአንድ ቀን ድርሻ በቂ ነው። ካልቻላችሁ ከዕለቱ ድርሻ ሁለት ወይም ሦስት መዝሙር ምረጡ።

የእኛ ቀናት ሰኞና ሐሙስ ነበሩ። የሰኞ ድርሻ ውስጥ 12ኛው አለ፦ "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" እንዲህ ያለ ቃል ለእግዚአብሔር ይባላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እኛ ቤት ሰው ሲጠይቅ "ተመስገን" ነው መልሱ፣ ምንም ቢሆን። "ተመስገን" ማለት ጥሩ ነው፣ እናቴም እስከ መጨረሻው ብላዋለች። ነገር ግን አፍ ተመስገን እያለ ልብ ውስጥ የሚበግን ነገር ካለ፣ ያንን የሚያወጣ ሌላ ቃል ያስፈልጋል። ዳዊት ቃሉን ሰጥቶናል። ማማረር ፊትን ማዞር ነው፤ "እስከ መቼ" ብሎ መጮህ ግን ፊትን ወደ እሱ ማድረግ ነው። የማይሰማን ሰው እስከ መቼ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ቀጥሎ 21ኛውን ተመልከቱ። "አምላኬ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ" ይላል። ጌታችን በመስቀል ላይ የጮኸው ነው። ያንን ስትጨርሱ የሚመጣው 22ኛው ነው፣ "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው።" ጎን ለጎን ናቸው። አንድ ገጽ ሳታገላብጡ ከአንዱ ወደ ሌላው ትሄዳላችሁ።

22ኛውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሲጀምር ስለ እግዚአብሔር ነው የሚያወራው፦ ያሳድረኛል፣ ይመራኛል፣ ነፍሴን ይመልሳል። ሰው ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ። የሞት ጥላ ላይ ሲደርስ አነጋገሩ ይለወጣል፦ "አንተ ከእኔ ጋር ነህና ክፉን አልፈራም።" "እሱ" የነበረው "አንተ" ሆነ። ይህን ያየሁት አንድ ሰኞ ነው፣ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ስልክ እየጮኸ። መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ስለ እግዚአብሔር ስሰማ ያደግሁ ሰው ነኝ። "አንተ" ብዬ ያናገርኩት ግን በዚያ በር ላይ ነው።

ሐሙስ ደግሞ 87ኛው አለ። ከመዝሙራት ሁሉ የጨለመው እሱ ይመስለኛል። ወዳጅና ዘመድ እንደራቀ ይዘጋል፤ "ነገር ግን" ብሎ የሚያጽናና መጨረሻ የለውም። የመጀመሪያ ቀን ሳነበው ገጽ የጎደለ መስሎኝ ነበር። አንዳንድ ሐሙስ እንደዚያ ነው፣ ምንም ሳይፈታ ያልቃል። እንደዚያ ያለውን ቀን የሚሸከም ጸሎት በመጽሐፉ ውስጥ መኖሩ ራሱ አሳረፈኝ። ሦስት መዝሙር ቆጥራችሁ ስትሄዱ ያው 90ኛውን ታገኙታላችሁ።

አሠራሩ ይህ ነው። አንድ የሚጮህ መዝሙር፣ አንድ የሚያሳርፍ መዝሙር፣ በአንድ መቀመጫ። የሚያሳርፈውን ብቻ አትምረጡ። ድምፅ ማውጣት ካልተቻለ ከንፈራችሁን አንቀሳቅሱ። ማንበብ ካቃታችሁ ሌላ ሰው ያንብብላችሁ፣ ወይም በስልክ አዳምጡ።

4. ብሉ፣ ተኙ

ኤልያስ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ "ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ" ብሎ ነበር። 1ኛ ነገሥት 19 ላይ ነው። እግዚአብሔር የላከለት መልአክ ተግሣጽ ይዞ አልመጣም። እንጎቻና ውኃ ነው ያመጣለት። በላ፣ ተኛ። መልአኩ ደግሞ ቀስቅሶ ብላ አለው።

ስለዚህ በሽተኛው ማሽን ላይ ሲወጣ እናንተ ወጥታችሁ ብሉ። ከቤት ይዛችሁ ውጡ፤ የካፌ ዋጋ ከመድኃኒት ጋር ተደምሮ አይቻልም። ፔርሙስ፣ ዳቦ፣ ጋቢ። ኩባያ ሁለት ያዙ፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው ምናልባት ምንም አልቀመሰም። ከወንድም ከእህት ጋር ሌሊት ተፈራረቁ። "ሌላ ሰው አያስታምማትም" የሚለውን ነገር ተዉት፣ እኔን ወገቤን አሳጥቶኛል።

እንደ ኤልያስ መሞትን መመኘት ከመጣባችሁ ደግሞ ብቻችሁን አትያዙት። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ለንስሐ አባትም፣ ለሐኪምም። ነቢዩ ተናግሮታል፣ እናንተም መናገር አያሳፍራችሁም።

5. ጠበሉንና መድኃኒቱን አታጣሉ

እምነት ማለት ሕክምና ማቆም ነው የሚል ሰው ይመጣባችኋል። በቀናነት ነው የሚለው። አትስሙት። ሲራክ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረዋል። የእግዚአብሔር አብሮነት ከጠበሉ ስፍራ ወጥቶ ሆስፒታል በር ላይ አይቀርም።

ለእጥበት ሕመምተኞች ግን አንድ ነገር በጥብቅ ልንገራችሁ። ኩላሊቱ ውኃ የማያወጣ ሰው የሚጠጣው በልክ ነው። በብዛት የተጠጣ ጠበል እንደ ማንኛውም ውኃ ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል፣ ትንፋሽም ያሳጥራል። እናቴን ጠበል ስንወስዳት ለካህኑ አስቀድመን እንነግራቸዋለን፤ ያጠምቋታል፣ ለመጠጡ ጉንጭ ታህል ብቻ። ጠያቂ የሚያመጣውንም ሙዝና የብርቱካን ጭማቂ ሐኪም ሳትጠይቁ አትስጡ፤ በውስጡ ያለው ፖታሲየም ለእነሱ አደገኛ ነው። እናቴ ሙዙን ተቀብላ፣ መርቃ፣ ለአልጋ ጎረቤቶቿ ጠያቂዎች ታድለው ነበር። ስለ ጾሙም ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ያዝናል።

ቅብዓ ቅዱስን፣ ጸሎተ ቀንዲልንም ለመጨረሻ ቀን አታስቀምጡ። ያዕቆብ 5 "የታመመ ማንም ቢኖር" ነው የሚለው፤ ሞት አፋፍ ላይ የደረሰ አላለም። ካህናቱን ቀደም ብላችሁ ጥሩ።

6. ሰው አስጠጉ፣ ግን ሥራ ስጡት

እግዚአብሔር ከእኛ ጋር መሆኑን ብዙ ጊዜ የምናውቀው በሰው በኩል ነው። ጌታችን በጌቴሴማኒ ብቻውን መጸለይ ሲችል ሦስቱን ይዞ ሄደ፤ "በዚህ ኑሩ ትጉም" አላቸው። ያን ሌሊት ተኙበት እንጂ። መጠየቁ ግን ለእኛ ትምህርት ነው። ሰው ይጠየቃል።

"የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ደውይ" ለሚላችሁ ሰው ወዲያው መልስ ይኑራችሁ። "ሐሙስ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ወንበሩ ላይ ተቀመጪልኝ።" "ይህን ማዘዣ ይዘህ ፋርማሲ ዙርልኝ።" "ልጆቹን ከትምህርት ቤት ውሰጂልኝ።" ለጽዋ ማኅበራችሁም ሆነ ለዕድራችሁ ቀንና ሰዓት ቆርጣችሁ ንገሩ። ሽባውን ሰው ወደ ጌታ የወሰዱት አራት ናቸው፤ ጣራ ነድለው አወረዱት። እያንዳንዳቸው አንድ ጫፍ ይዘዋል።

ልብ የሚያደሙ ሰዎችም ይመጣሉ። "ምን ብትበድሉ ነው?" ያለችን ሴት ነበረች፣ እናቴ እየሰማች። ያን ጊዜ ምንም አልመለስኩም፣ ሌሊቱን ሙሉ ግን አቃጠለኝ። አሁን ቢሆን ዮሐንስ 9ን እነግራታለሁ። ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ያንኑ ጠይቀው ነበር፣ ጌታም እሱም ወላጆቹም አልበደሉም ብሏል። የኢዮብን ወዳጆች አስታውሱ። 7 ቀንና 7 ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው ዝም ሲሉ ደግ ሰዎች ነበሩ። ነገር የተበላሸው መናገር ሲጀምሩ ነው። ጠያቂ ሆናችሁ ስትሄዱም እንዲሁ ነው፤ "እግዚአብሔር ይማርሽ" ብላችሁ ተቀመጡ፣ ይበቃል።

7. "ባያድነንም" የሚለውን ቃል ተለማመዱ

ይህ ከባዱ ነው።

ስለት ተስለን ነበር፣ ለቁልቢ ገብርኤል። ስለት መሳል ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን ልብ ውስጥ ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ያህል እከፍላለሁ፣ እናቴን ስጠኝ። በገብርኤል በዓል፣ ታኅሣሥ 19፣ የምናከብረው ታሪክ ምን እንደሆነ እናስብ። ሠለስቱ ደቂቅ፣ ሦስቱ ወጣቶች፣ ከእሳቱ የዳኑበት ነው። ወደ እሳቱ ከመጣላቸው በፊት ለንጉሡ ያሉትን ዳንኤል 3 ላይ አንብቡ። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ ባያድነንም እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም አሉ። ከዚያ ነው ንጉሡ አራተኛውን ያየው፣ እሳቱ መካከል። እሳቱ አልጠፋም ነበር። አብሯቸው የሚመላለስ ነበር።

ስትጸልዩ መዳንን ለምኑ፣ አትፍሩ፣ በግልጽ ለምኑ። ከዚያ "ባይሆንም አንተ አትለየኝ" የምትለውን ጨምሩ። መጀመሪያ ምላስ ላይ ትከብዳለች። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስላት ሟርት የተናገርኩ መስሎኝ ደነገጥኩ። እናቴን ግን ስትጸልይ ሰማኋት። ከእኔ በፊት እሷ ብላዋለች ለካ፤ እኔ እንዳልሰማ በለሆሳስ ነበር የምትለው።

በፍልሰታ ጾም አረፈች። አልዳነችም። ተስፋው ፈረሰ ብዬ ግን አልጽፍም፤ ቦታው ላይ ነበርኩና። የመጨረሻው ሌሊት ላይ 22ኛውን ስደግምላት "አንተ ከእኔ ጋር ነህና" የሚለው ላይ እጄን ጨበጠች። አልቅሱ ደግሞ። ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል።

8. ከዚያ በኋላ ያሉትን ሰኞዎች አትርሱ

ለቅሶ ደራሽ ከሣልስት በኋላ ይቀንሳል። ከአርባው በኋላ ቤቱ ጭር ይላል። በደህና የተፈወሰ ሰው ያለበት ቤትም ቢሆን፣ ውጥረቱ ሲላላ ነው ድካሙ የሚወጣው። ሦስቱን ሰዓት ያኔ እንዳትለቋቸው። ጸሎቱ የሕመሙ ብቻ አይደለም።

እኔ በሌሊት 11 ሰዓት መንቃቴ ለወራት አልተወኝም። የምወስደው ሰው የለም፣ ዓይኔ ግን ይከፈታል። ተነስቼ ነግህን እጸልያለሁ። አንድ ሐሙስ ግን መልሼ መተኛት አቃተኝ። ፔርሙሱን ሻይ ሞልቼ፣ ዳዊቴን ይዤ ወደዚያው ሄድኩ። አንዲት ልጅ አባቷን ወደ ክፍሉ አስገብታ ወንበሬ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ፌስታሉን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ሻይ ቀዳሁላት።

"ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አለችኝ።

"4 ሰዓት ያህል" አልኳትና አብሬያት ጠበቅሁ።